ስድስተኛዋ ብልቃጥ

ጋሽ ጨምሩን በትክክለኛ ስሙ የሚያውቀው የተቋሙ የሰው ኃይል ክፍል ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን አንዳንዴ ይዘነጋዋል። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ለውኃ ምርምር ተቋሙ በተቀጠረ በመጀመሪያው ቀን፣ በሠራተኞች ምሳ ቤት ከጎኑ የተቀመጠውን ሁሉ «ጨምሩ እንጂ፣ ምነው፣ አልጣፈጠም? ጨምሩ» እያለ ከራሱ ሳህን ሲያካፍል ዋለ። በማግስቱ የበሩ ጥበቃ «ደህና አደሩ፣ ጋሽ ጨምሩ» አለው። በቃ፣ ስሙ በዚያው ጸደቀ።

የተራበ ነገር ማየት አይሆንለትም። እሱ ቤት የተጋበዘ እንግዳ ጠግቦ ሳይሆን ተሸንፎ ነው የሚወጣው። የጎረቤት ድመት እሱን ከለመደች ወዲህ አጥር መዝለል ተስኗት በዋናው በር ትገባለች። የልጅ ልጁ ለክትባት ስትወሰድ ነርሷ ሚዛኑን ሁለት ጊዜ አይታ «ይህችን ልጅ ማን ነው የሚያበላት?» ብትል፣ አብሮ የሄደው ቤተሰብ ሁሉ አንድ ላይ ዞሮ አየው። እሱ ግን «ምን አለበት፣ ፊቷ ደስ ይላል» አለ እንጂ ቅንጣት አላፈረም። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ነው ተቋሙ አልጌ ጠባቂ ያደረገው።

አልጌ ማለት፣ ትምህርት ቤት ዋቅላሚ እየተባለ የተማርነው፣ የቆመ ውኃ ላይ የሚንሳፈፈውና የውኃ ታንከርን ውስጥ የሚያለብሰው ያ የሚያሙለጨልጭ አረንጓዴ ነገር ነው። ሌላው ሰው በብሩሽ ፈትጎ የሚደፋውን ጋሽ ጨምሩ በብልቃጥ አድርጎ፣ ቀለብ እየሰፈረ ያሳድገዋል። ክፍሉ በታችኛው ፎቅ በኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው። ሁለቱ መስኮቶች ወደ ግድቡ ያያሉ። በአንድ በኩል ብልቃጦቹን ቀኑን ሙሉ እሹሩሩ የሚል ተወዛዋዥ መደርደሪያ፣ ከላዩም ረጃጅም ነጭ አምፖሎች አሉ። በሌላው በኩል ማጠቢያ ገንዳና ሚዛን፣ ጥግ ላይ ደግሞ በእርሳስ ብረት ጡብ የታጠረ ጠረጴዛና የጨረር መቁጠሪያ መሣሪያ ተቀምጠዋል። ጋሽ ጨምሩ ጠዋት ሲገባ ጋዋኑን ሳይለብስ በፊት «እንዴት አደራችሁ» ይላል። መልስ አይጠብቅም፤ ቀለማቸውን አይቶ ይረዳል።

ዶክተሯ ከሦስት ዓመት በፊት መጥታ ክፍሉን ስትረከብ ሥራው ከበድ ያለ ሆነ። ጋሽ ጨምሩ ነገሩን ለባለቤቱ ያስረዳት በዚያው ሰሞን፣ ሻይ እየጠጡ ነበር።

«አየሽ፣ ሲዚየም የሚባል ጨረር የሚረጭ ነገር አለ። የኑክሌር ጣቢያ አደጋ ሲደርስበት ሐይቅና ወንዝ ውስጥ ይገባል። አልጌ ደግሞ ቀለቧ ፖታሲየም ነው። ሲዚየምና ፖታሲየም መልካቸው ይመሳሰላል። ስለዚህ ሳታጣራ ታስገባዋለች።»

«መልክ አይታ የተሸወደች እሷ ብቻ አይደለችም» አለች ባለቤቱ፣ ከእግር እስከ ራሱ እያየችው። «ከዚያስ?»

«ከዚያማ ትንንሽ ነፍሳት ይበሏታል፣ እነሱን ዓሣ ይበላቸዋል፣ ዓሣውን ደግሞ እኛ። ንጹሕ ውኃ ውስጥ ከገባች ግን ያስገባችውን ቀስ በቀስ ትለቀዋለች። ከሞተች ደግሞ ያላትን ሁሉ ትዘረግፈዋለች።»

«አንተስ? ትለቀዋለህ?»

ጓንት እንደሚያደርግ፣ መጠኑም ከዓይን ጠብታ ያነሰ እንደሆነ፣ ደረቱ ላይ የሚለጥፈው መለኪያ በየወሩ እንደሚታይ ቢምል ቢገዘት ሰሚ አላገኘም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግቢው ውስጥ ባለው ቧንቧ ሳይታጠብ የቤቱን ደፍ አይረግጥም። አብረዋቸው የሚኖሩት አማቱ ደግሞ እጁን መጨበጥ አቆሙ። ሰላም ሲላቸው እጃቸውን ሻርፓቸው ውስጥ ደብቀው በአገጫቸው ነው የሚመልሱለት።

ከዶክተሯ ጋር የነበረው ነገር ሌላ ነው። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ምሳዋን ቆማ የምትበላ ሴት ናት፤ ይህ ብቻውን ጋሽ ጨምሩን ያሳምመዋል። ለእሷ ደግሞ ሥራዋን በደግነቱ ያበላሸባት ሰው እሱ ብቻ ነው። መጀመሪያ፣ ሲዚየም አስገብተው ያደሩ አልጌዎችን ቅዳሜ ጠዋት አይቶ «ይህ ውኃ ታፍኗል» ብሎ በንጹሕ ውኃ ቀየረላቸው። ሰኞ ዶክተሯ ስትመጣ ያስገቡትን ግማሹን ለቀዋል፤ የሁለት ወር ልፋቷ በማጠቢያ ገንዳው ወረደ። ቀጥሎ ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ መብራት እንዳይጠፋ ታዝዞ ሳለ «እንቅልፍ የማይፈልግ ፍጡር የለም» ብሎ አጠፋላቸው። ጨለማ ውስጥ አልጌ ሲዚየምን የማስገባት ጉልበቷ ይደክማል፤ ያም ሙከራ ከንቱ ሆነ። ያን ጊዜ ዶክተሯ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጠችው። ለሦስተኛ ጊዜ ከእሷ ትእዛዝ ውጪ እጁን ብልቃጥ ውስጥ ቢያስገባ ወደ መዝገብ ቤት ይዛወራል።

መዝገብ ቤቱ ከዋናው ሕንፃ ሥር፣ ከመሬት በታች ነው። ያለው አንድ መስኮት ጣሪያው አጠገብ ሆኖ የሚያሳየው የአላፊ አግዳሚውን ጫማ ነው። ወረቀት አይበላም፣ አይጠጣም፣ አያድግም። ጋሽ ጨምሩ ጡረታ ሊወጣ ሦስት ዓመት ቀርቶታል፤ ሦስቱን ዓመት ጫማ እያየ መጨረስ ለእሱ በቁም መቀበር ነው። ስለዚህ እጁን ሰበሰበ። አንድ ዓመት ሙሉ ያለ ትእዛዝ አንድ ጠብታ አልጨመረም።

ከዚያ የረሃቡ ሳምንት መጣ።

«ጋሼ፣ በደንብ ያዳምጡኝ» አለችው ዶክተሯ። «ላይኛው ረድፍ ላይ ያሉት ስድስቱ እንደ ወትሮው ይበላሉ። ታችኛዎቹ ስድስቱ ግን ለሰባት ቀን ፖታሲየም የሚባል አይቀምሱም።»

«ምን አጠፉ?»

«ምንም። የራባት አልጌ ሲዚየምን እንዴት እንደምትቀበል ማየት ፈልጌ ነው።»

«የራበውማ የሰጡትን ይቀበላል፣ ዶክተር። ይሄ ምርምር ያስፈልገዋል?»

«ያስፈልገዋል» አለች፣ ቆማ ዳቦዋን እየገመጠች።

እስከ ሁለተኛው ቀን ምንም አልነበረም። በሦስተኛው ታችኞቹ ገረጡ። በአራተኛው ጋሽ ጨምሩ ምሳውን ጀምሮ ተወው፤ የምሳ ቤቷ ሠራተኛ ሳህኑን ስታነሳ ግንባሩን ዳሰሰችው። ከሁሉ የባሰችው ስድስተኛዋ ብልቃጥ ነበረች፤ መደርደሪያው ጫፍ ላይ፣ ልክ እሱ ከሚቀመጥበት ወንበር ፊት ለፊት። አረንጓዴነቷ ጠፍቶ የረጠበ ገለባ መስላለች። ላይኛዎቹ ደግሞ ከራሷ በላይ ጠግበው፣ ወዝተው ይወዛወዛሉ። በአምስተኛው ቀን በምሳ ሰዓት ዶክተሯ ስብሰባ ሄደች። ጋሽ ጨምሩ ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ ደግሞ ተነሣ። ግራ ቀኙን አየና ከፖታሲየም ጨው ዕቃ በሁለት ጣቱ ቆንጠር አድርጎ ስድስተኛዋ ላይ ጣል አደረገ።

«ለሌሎቹ አትንገሪ» አላት።

በሰባተኛው ቀን ዶክተሯ በእያንዳንዱ ብልቃጥ የተለካ ሲዚየም ጠብ አደረገች። ከአንድ ሰዓት በኋላ አልጌውን ከውኃው አጥልላ ሁለቱንም በየተራ መቁጠሪያው ውስጥ አስገባች። አምስቱ የተራቡት ሲዚየሙን አግበስብሰውታል፤ ከጨረሩ ከግማሽ በላይ ያለው እነሱ ላይ ነው። ስድስተኛዋ ግን እንዳልነበረ ነገር አልፋዋለች። ዶክተሯ ሦስት ጊዜ ቆጠረች። መሣሪያውን ወልውላ እንደገና ቆጠረች። ከዚያ ቀና ብላ ጋሽ ጨምሩን አየችው።

«ጋሼ፣ ይህችን በስህተት ፖታሲየም ነክቷት ይሆን?»

«ኧረ በስህተትስ አልነካትም» አለ ጋሽ ጨምሩ።

ነገሩ ውሸት አልነበረም፤ ሆኖም ዓይኗን ሸሽቶ ወደ ሚዛኑ ዞረ። የዶክተሯ ፊት በራ። ሦስት ዓመት አብረው ሲሠሩ ጥርሷን ያየው ያን ቀን ነው።

«ይህች ልዩ ናት ማለት ነው» አለች። «እየራባት እንኳ ሲዚየምን ከፖታሲየም ለይታ አልፈልግም ብላለች። እንዲህ ያለች አልጌ ተገኝታ አታውቅም፣ ጋሼ።» ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ይህንንም ያየው ያን ቀን ነው። «ያሳደጓት እርስዎ ነዎት። ዘሯ በእርስዎ ስም ነው የሚመዘገበው። ‹ጨምሩ አንድ› እንላታለን።»

ዳይሬክተሩ ሰምቶ ተደሰተ፣ ነገር ግን ጠንቃቃ ሰው ነው። «ከስድስተኛዋ ዘር ወስዳችሁ፣ ሰባት ቀን አስርባችሁ ድገሙት፤ ከዚያ ተቋሙን ሊጎበኙ ለሚመጡት እንግዶች በአዳራሽ ታቀርቢያለሽ» አላት። ጋሽ ጨምሩ ማውጣት የነበረበትን እውነት ያን ጊዜ ሊያወጣው አስቦ ነበር። የመዝገብ ቤቱ መስኮት ትዝ አለውና ዋጠው።

ነገሩን የቤቱ ሰው የሰማው ከእሱ አይደለም፤ ጥበቃው ለባለቤቱ በስልክ እንኳን ደስ አለሽ ብሏት ነው። እሱ ቧንቧው ጋ ሲታጠብ ጎረቤት ሁሉ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ጠበቀው። የላይኛው ቤት ሰውዬ «በሕይወት እያለ በስሙ ነገር የተሰየመለት ሰው ስናይ አንተ የመጀመሪያችን ነህ» አለው። አማቱ በዱላቸው ተደግፈው ወደ በሩ መጡ፤ ሻርፓቸውን ገለጥ አድርገው ቀኝ እጃቸውን ዘረጉለት።

«ጨረሩም ያከበረህ ሰው ነህ ለካ፣ ልጄ» አሉት።

ጋሽ ጨምሩ የአማቱን እጅ ከሦስት ዓመት በኋላ ሲጨብጥ የገዛ እጁ ላበው። ባለቤቱ «ደስታው ነው» አለች። ያን ምሽት የቀረበለትን ሳይጨርስ ተነሣ፤ ለዚህም «ደስታው ነው» ተባለ።

ሁለተኛው የረሃብ ሳምንት ጀመረ። አሁን ስድስቱም ብልቃጦች የስድስተኛዋ ልጆች ናቸው፤ ሁሉም ያለ ፖታሲየም ይወዛወዛሉ። ጋሽ ጨምሩ ሒሳቡን ደጋግሞ አሰበው። ዝም ካለ፣ ልጆቿ በሰባተኛው ቀን ሲዚየሙን ይጎርሱና ስሙ ይፋቃል፤ ዶክተሯም ለምን ብላ መመርመር ትጀምራለች። ለስድስቱም ቆንጠር ቆንጠር ካደረገላቸው ግን ማንም ምንም አያውቅም። ስሙ አዳራሽ ውስጥ ይነበባል፣ መዝገብ ቤቱም ይቀራል። እሷ ግን እንግዶች ፊት ቆማ የሌለ ነገር ትናገራለች። ከዚያም በዓለም ያለ የአልጌ ሊቅ ሁሉ የጋሽ ጨምሩን ቁንጣሪ ፍለጋ ዕድሜውን ይጨርሳል።

በአምስተኛው ቀን በምሳ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ነበር። የጨው ዕቃውን ከፈተ። ሁለት ጣቱን ሰደደ፣ ቆነጠረ፣ እጁን መጀመሪያዋ ብልቃጥ አፍ ላይ አደረሰ። እዚያው ቀረ። ከዚህ በፊት ለማንም ሲያበላ ልቡ ደስ ይለው ነበር፤ አሁን ግን ደስ አላለውም። ስለ እነሱ ረሃብ እያሰበ እንዳልሆነ ገባው። የገረጡትን ሳይሆን የራሱን ስም ነበር ሊቀልብ የቆመው። በራሱ አፈረ፤ በሃምሳ ሰባት ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ማብላት አሳፈረው። ጨዉን በጣቶቹ እንደያዘ በኮሪደሩ ሄዶ የዶክተሯን በር በክርኑ አንኳኳ።

ዶክተሯ ለአዳራሹ የምታሳየውን እያሰናዳች ነበር። ኮምፒውተሯ ላይ የስድስተኛዋ ብልቃጥ ፎቶ፣ ከሥሩም በትልልቅ ፊደል «ጨምሩ አንድ» ተጽፏል።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር አጥፍቻለሁ።»

«ብልቃጥ ተሰበረ?»

«ቢሰበር ይሻለኝ ነበር።» እጁን ዘረጋና ጣቶቹን ከፈት አድርጎ ጨዉን ጠረጴዛዋ ላይ አራገፈው። «ስድስተኛዋ ልዩ አይደለችም። ባለፈው የረሃብ ሳምንት እኔ ነኝ የቀለብኳት።»

ዶክተሯ ጨዉን አየች። ከዚያ ፎቶውን አየች። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ስጠይቅዎት አልነካትም አሉኝ» አለች።

«በስህተት አልነካትም ነው ያልኩት። ያም ቢሆን ዋሽቻለሁ።»

«ለዳይሬክተሩ ተናግሬያለሁ። ለአባቴ ደውያለሁ።»

«እኔም አማቴ ጨብጠውኛል» አለ ጋሽ ጨምሩ። ሊያስቃት አልነበረም፤ ሲያስበው በጣም የከበደው ያ ስለነበር ነው። ዶክተሯ ግን እንባዋ ሳይደርቅ ሳቅ አመለጣት፣ ሳቋም ይበልጥ አናደዳትና ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። የዝውውር ደብዳቤውን ልታመጣ ነው ብሎ ጋዋኑን መፍታት ጀመረ።

«የት ይሄዳሉ? ስንት ነው የጨመሩባት?»

«ቆንጠር አድርጌ።»

«ቆንጠር ስንት ነው?»

እሱ ሁለት ጣቱን አሳያት። እሷ እየመራች ወደ ክፍሉ ወሰደችውና ሚዛኑ ፊት አቆመችው፤ አሥር ጊዜ እንዲቆነጥር አዘዘችው። ጋሽ ጨምሩ እየቆነጠረ ጣለ፣ እሷ እየጻፈች ጠረገች። ከሁለቱ በስተቀር ቁንጣሪው ሁሉ ልክ በማንኪያ የተሰፈረ ያህል እኩል ወጣ። ዶክተሯ ቁጥሮቹን ትክ ብላ አየቻቸው።

«ይህቺን የምታህል ናት ሲዚየሙን የከለከለችው» አለች፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። ከዚያ ድምፅዋ ጠጠረ። «አሁን ሁለት ቀን ቀርቷል። እዚህ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ እያዩዋቸው፣ ምንም ሳይጨምሩ። ስለ እርስዎ ጉዳይ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።»

ያን ቀን ቤቱ ሲገባ ሁሉንም ተናገረ። ባለቤቱ «እኔማ ያን ቀን ሳትጨርስ ስትነሣ ነገር እንዳለ አውቄ ነበር» አለች፤ አላወቀችም ነበር። አማቱ እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ ሻርፓቸው መለሱት።

ሁለቱን ቀን ጋሽ ጨምሩ እጆቹን ጭኑ ሥር አድርጎ ተቀመጠባቸው። ስድስቱ ሲገረጡ፣ ሲጫጩ፣ የመጨረሻዋም ወደ ገለባ ስትለወጥ አየ። አንዴ ማየት አቅቶት ፊቱን ወደ ግድቡ ሲያዞር፣ በሩ ላይ ቆማ የነበረችው ዶክተሯ «ወደዚህ» አለችው። ዞረ።

በሰባተኛው ቀን ሲዚየሙ ጠብ ተደረገ። ሰዓቱ ሲሞላ ዶክተሯ አጠለለችና በየተራ ወደ መቁጠሪያው አስገባች። ስድስቱም፣ አንዷ ሳትቀር፣ ጎርሰውታል፤ እንዲያውም ባለፈው ከነበሩት አምስቱ የበለጠ። ጋሽ ጨምሩ ቁጥሩን አየ። ስሙ እዚያ ላይ አለቀ። ከሐዘኑ ሥር ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ በደንብ በመብላታቸው ትንሽ ደስ ብሎት ነበር።

«ርቧቸው ነበር፣ ዶክተር።»

«አዎ» አለች። «ርቧቸው ነበር።»

አዳራሹ ውስጥ ዶክተሯ የተናገረችው ሌላ ነገር ነው። የተራበች አልጌ ሲዚየምን እንዴት እንደምታግበሰብስ፣ አንድ ቁንጣሪ ፖታሲየምም እንዴት እንደሚያስተዋት፣ በጥፋት የተጀመረ መሆኑን ሳትሸሽግ አስረዳች። የማንም ስም አልተጠራም። ጋሽ ጨምሩ ከኋላ ቆሞ ሰማና ጭብጨባው ሳያልቅ ወጣ። በማግስቱ ጠዋት ዕቃውን ሊሸክፍ ሁለት ባዶ ካርቶን ይዞ መጣ፤ አንዱ ለጫማው፣ አንዱ ለብርጭቆው። ደብዳቤው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጠበቀው። ቆሞ አነበበው። አጭር ነው። ከዛሬ ጀምሮ ብልቃጦችን የመቀለብ ኃላፊነት የእርስዎ ብቻ ነው፤ የማስራብ ሥራ ከእርስዎ ላይ ተነሥቷል፤ ይኸው የሚከናወነው ከኮሪደሩ ማዶ ባለው፣ ቁልፉ እኔ ዘንድ በሚቀመጠው ክፍል ነው፣ ይላል። ፊርማዋ አለበት። እንደገና አነበበውና ካርቶኖቹን ገንዳው ሥር ከተታቸው።

አሁን በየረሃቡ ሳምንት ብልቃጦቹን ወደ ማዶ ወስዳ የምትቆልፍባቸው እሷው ናት። የተቆለፈው በር ከክፍሉ ወደ ምሳ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ የመብራቱ ብርሃን በበሩ ሥር ይታያል። በእነዚያ ቀናት ጋሽ ጨምሩ በኋላ በር ወጥቶ ሕንፃውን ሙሉውን ዞሮ ነው ምሳ የሚሄደው። አንድ ቀን ዝናቡ ዶፍ ሆኖ ሲወርድ፣ ጋዋኑን ራሱ ላይ ጥሎ እየሮጠ ሲያልፍ ጥበቃው አየው።

«ጋሽ ጨምሩ፣ በውስጥ በኩል አይሻልም?»

«በውስጥ በኩል የራባቸው አሉ» አለና አለፈ።